ሊቀ አቋራጭ ዘካሪያስ እና ሰማያዊዎቹ የፖስታ ሳጥኖች

ሐበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ፣ ለሰው መንገድ ካላሳየ የበላው የማይረጋለት አንድ ሰው አይጠፋም። የስልኳ ሴትዮ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ስትል እሱ «ተዋት፣ አታውቅም» ይላል። ይህ ሰው ዳላስም አለ፣ ሚኒሶታም አለ። የሲያትሉ ግን የሁሉም አለቃ ናቸው። እኛ የሬኒየር ቫሊ ጎረቤቶቻቸው ከአክብሮት ብዛት «ሊቀ አቋራጭ ዘካሪያስ» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ሲሆን ጋሽ ዘካሪያስ።

«አቋራጭ አለው» ይላሉ። የትም ቢሄዱ አቋራጭ አለው። ቄሱ ስለ ጠባቧ መንገድ ሲሰብኩ እንኳ፣ ጋሽ ዘካሪያስ አንድ የሚያውቀው ነገር እንዳለው ሰው ፈገግ ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ብዙ ዘመን ታክሲ ነድተዋል። አንድ ጊዜ ከኖርዝጌት ወደ ኤርፖርት ሊያደርሱኝ ተነስተን አውሮፕላኑ አመለጠኝ። «አውሮፕላኑ ቸኮለ እንጂ መንገዱ ልክ ነበር» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ብለው አይደለም፤ አምነውበት ነው። ከሁሉ የማይረሳው ግን የአቶ ተክለሃይማኖት ቀብር ነው። መኪኖቻችንን አሰልፈን እሳቸውን ተከትለን በአቋራጭ መቃብር ስፍራው ደረስን። እናቶች ደረት እየመቱ ወረዱ፤ ለቅሶው ደመቀ። ሟቹ የእኛ እንዳልሆነ የታወቀው የፈረንጁን ፎቶግራፍ ካየን በኋላ ነው። ልጆቹ ግን ይህን ያህል ወዳጅ እንደነበረው አናውቅም ነበር ብለው እያለቀሱ አቀፉን። «አያችሁ?» አሉ ጋሽ ዘካሪያስ ወደ ትክክለኛው መቃብር ስንከንፍ፣ «በከንቱ አልመጣንም።»

ሳይማረሩ የሚከተሏቸው ሰው እትዬ ባየሽ ብቻ ነበሩ፤ ሚስታቸው። ከጎናቸው ተቀምጠው «እሺ» ይላሉ። መንገድ ሲጠፋ «ምን አለበት፣ ከተማውን አየን» ይላሉ። ባለፈው ሰኔ እትዬ ባየሽ አረፉ። ጋሽ ዘካሪያስ ዓርባው እንደወጣ መኪናውን ሸጡ።

«ምነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ለማን አቋራጭ ላሳይ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገሩም። ዝናቡ ገባ፣ ቀኑ አጠረ፤ የእሳቸው መስኮት መጋረጃ ቀን ከሌት እንደተዘጋ ሰነበተ። እኔ የሆስፒታል አንሶላ የማጥብ ሰው ነኝ፤ ከሥራ ስወጣ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን መጽሐፍ ይዤ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። ሰው ዝም ሲል አብሮ ዝም ማለትም ጸሎት ይመስለኛል።

ታኅሣሥ ሲገባ አንድ ቀን በሬን አንኳኩ። እጃቸው ላይ ካርታ፣ ደረጃው ሥር ደግሞ ቅርጫት ያለው አሮጌ የሴት ብስክሌት።

«ክፍሌ፣ አንተ አንባቢ፣ ብስክሌትህ ይሠራል?»

«ይሠራል። ምነው?»

«በዚህ ሰፈር ያሉትን ሰማያዊ የፖስታ ሳጥኖች በሙሉ እንዞራቸዋለን። መንገዱን አቅጄዋለሁ።»

«የሚላክ ነገር አለዎት?»

«የለኝም።»

ልጃቸው ማህደር ይህን ስትሰማ ከኤቨረት ከተማ ድረስ መጣች። አውሮፕላን ፋብሪካ ነው የምትሠራው። አባቷ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ወደ እሷ ቤት ልትወስዳቸው ወስናለች። «አባዬ፣ በዊንተር? ባይክ? አር ዩ ሲሪየስ? ሶ ቅዳሜ ሙቭ እናደርጋለን፣ ኦኬ? ጋሼ ክፍሌ፣ ፕሊስ እርስዎ እንኳ ይንገሩት!»

«እስከ ቅዳሜ አቋራጭ አለው» አሉ ጋሽ ዘካሪያስ። ከሰኔ ወዲህ ይህችን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለነበር በልቤ ተመስገን አልኩ፤ ማህደር እንደጠየቀችኝ ልመክራቸውም አልሞከርኩም።

ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ እኔ ከሥራ ስመለስ እየተነሳን ዞርን። ከፊት እሳቸው በቢጫ የዝናብ ካፖርት፣ ከኋላ እኔ ጭቃቸውን እየጠጣሁ። አንዱ ሳጥን ግሮሰሪ ደጃፍ ነው፤ ሌላው ባቡር ጣቢያው ሥር፤ አንዱ ደግሞ ተነቅሎ አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ አስፋልቱ ላይ ቀርቷል። ጋሽ ዘካሪያስ እዚያ ቀዳዳ ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። በእያንዳንዱ ሳጥን ፊት ይወርዳሉ፣ ዙሪያውን ያያሉ፣ «ይህ አይደለም» ይላሉ፣ ይወጣሉ። ምን እንደሚፈልጉ አልጠየቅኩም፤ አውቀዋለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዲቪ እንደመጡ፣ ጋሽ ዘካሪያስ በጠና ታመው ሆስፒታል ገቡ። እትዬ ባየሽ ቋንቋ የለ፣ ዘመድ የለ፤ ለገብርኤል ጧፍ ተሳሉ። ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ሕንፃ አልነበራትም፤ አዳራሽ ተከራይተን ነበር የምንቀድሰው። እትዬ ባየሽ ጧፋቸውን ይዘው ሲደርሱ በሩ ዝግ ነው። ከደጃፉ፣ መንገዱ ዳር ግን አናቱ እንደ ጉልላት ክብ የሆነ፣ እጀታ ያለው ሰማያዊ የብረት ሳጥን ቆሟል። በአገራችን ሙዳየ ምጽዋት የት ነው የሚቆመው? መንገድ ዳር። ተሳለሙት፣ እጀታውን ሳቡ፣ ጧፉን ጨመሩ፣ ለሥራ አውቶቡሳቸውን ያዙ።

ይህን አልጋው አጠገብ ሲነግሯቸው፣ በሽተኛው ነርሷ እስክትሮጥ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ በየክርስትናው፣ በየማኅበሩ ያቺን ጨዋታ ያወራሉ፦ «የባየሽ ስለት በፖስታ ነው የሄደው! ያውም ቴምብር ሳይለጠፍበት!» ቤቱ ይስቃል። እትዬ ባየሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ደረሰ አይደል?» ይላሉ። ጋሽ ዘካሪያስ ለዚህ መልስ ሰጥተው አያውቁም፤ ወዲያው ወደ ሌላ ጨዋታ ያልፋሉ።

ያ አዳራሽ ዛሬ የጥርስ ሐኪም ቤት ሆኗል። እኔ የገረመኝ ይኼ ነው፦ በዞርን ቁጥር ወደዚያ መንገድ ስንቃረብ ጋሽ ዘካሪያስ «አቋራጭ አለው» ብለው ወደ ግራ ይታጠፉና ዳገቱን ያስወጡኛል። ዳገት የሚጠላ ጉልበት ያላቸው ሰው! ሐሙስ ዕለት ትንፋሼ ተቆርጦ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ከአሮጌው አዳራሽ ፊት ያለውን አላየነውም።»

«እሱ ተነቅሏል።»

«ዛሬ ጠዋት ከባስ ላይ አይቼዋለሁ።»

ከካፖርታቸው ላይ ውሃው ይንጠባጠባል። ካርታውን አጣጠፉት፤ እንደገናም አጣጠፉት።

«ሆስፒታል እያለች» አሉ፣ «መጨረሻዋ ላይ። ላስቃት ብዬ ያቺን ጨዋታ ነገርኳት። 'ደረሰ አይደል?' አለችኝ። ሳቅ አልነበረባትም ክፍሌ፤ መልስ ነው የጠበቀችው። እኔ ተነስቼ መጋረጃውን አስተካከልኩ። ስመለስ ተኝታለች። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።»

ብስክሌቴን ወደ ቁልቁለቱ አዞርኩ።

«ነገ እንሂድ» አልኳቸው። «ቅዳሜ ኤቨረት ነዎት።»

አርብ ሰማዩ ከጠዋቱ እንደመሸ ነበር። ጋሽ ዘካሪያስ በእያንዳንዱ ማዕዘን ወደ ግራ የሚታጠፉ እየመሰለኝ ተከተልኳቸው። አልታጠፉም። ሳጥኑ እዚያው ነው፤ ቀለሙ ተልጧል፣ ሰው ጽፎበታል፣ እጀታው ግን አለ።

ብስክሌታቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ቀረቡ። ሰላም የሚሉት ሰው ይመስል ፊቱ ቆሙ። ከዚያ እጀታውን ሳቡና አፋቸውን ወደ ጨለማው አስጠጉ።

«ደርሷል» አሉ። «ባየሽ፣ ያን ቀን ነው የደረሰው። ይኸው ቆሜያለሁ አይደል?»

ከኋላችን ጃንጥላ የያዘች አንዲት ፈረንጅ ሴት ደብዳቤዋን ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች። ሽማግሌ የፖስታ ሳጥን ሲያናግር አይታ አልሳቀችም፤ አልቸኮለችምም። «ኦል ዳን?» አለቻቸው ቀስ ብላ፤ ጨረሱ ወይ ማለቷ ነው። ጋሽ ዘካሪያስ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ እጅ ነስተው፣ እጀታውን እንደያዙ ከፈቱላት። ደብዳቤዋን ጨመረች። «ይደርሳል» አሏት በአማርኛ፤ እንደ አዋቂ። እኔ አማተብኩ። የሳጥኑን አናት በመዳፌ ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ብረት ነው፤ እግዚአብሔር ግን የድሃ ስለት የት እንደተጣለ ሳይጠይቅ ይቀበላል ብዬ አምናለሁ። ማስረጃዬ ከፊቴ ቢጫ ካፖርት ለብሶ አፍንጫውን እየተናፈጠ ነው።

ነገ ማህደር በመኪናዋ ትወስዳቸዋለች፤ ስልኳ ባሳየቻት መንገድ፣ ቀጥ ብላ። በየሄድኩበት የሚያስረፍደኝ ሰው አይኖርም። ሥራ በሰዓቱ እገባለሁ፤ አውሮፕላን አያመልጠኝም፤ የማላውቀው ሰው ቀብር ላይ አላለቅስም። ይህን ሳስበው ዝናቡ የከበደ መሰለኝ።

ጋሽ ዘካሪያስ ብስክሌታቸው ላይ ወጡ። ቤታችን ከዚያ ቀጥታ ታች ነው፤ ከማዕዘኑ ይታያል። እሳቸው ወደ ዳገቱ ዞሩ።

«ተከተለኝ» አሉ፣ «አቋራጭ አለው።»

«እሺ» አልኳቸው፤ መንገዱ እንዳያጥርብኝ እየጸለይኩ ተከተልኳቸው።