ሰማያዊው ማሲንቆ

«ተሳሳትሁ» ከሚል ሞቱን የሚመርጥ መምህር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ በጃንሆይ ጊዜ፣ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ፣ አንደኛ ክፍል እያለሁ።

አንድ ቀን ቀለምንና የዜማ መሣሪያን ባንድ ላይ ሊያስተምረን አሰበ። በእጁ የቀረው ሰማያዊ ጠመኔ ብቻ ስለነበር በእሱ ሰሌዳው ላይ ማሲንቆ ሣለ።

«ቀለሙ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀንና መልሱን ራሱ ሰጠ። «ሰማያዊ ነው!» አለ።

ደነገጥን። ቄስ ትምህርት ቤት ላደግን ልጆች ሰማያዊ ማለት የሰማይ የሆነ ነው። በገናስ ይሁን፤ ጠላ ቤት ለጠላ ቤት የሚዞር ማሲንቆ ምን ቆርጦት ነው ሰማያዊ የሚባለው?

የደብሩ መሪጌታ ልጅ ብድግ አለ። «የኔታ፣ ማሲንቆ ምድራዊ አይደለም እንዴ?»

«ሰማያዊ ነው ብያለሁ!»

በማግስቱ መሪጌታ ራሳቸው መጡ። «መምህር፣ ማሲንቆን ሰማያዊ ብለዋል አሉ?»

«ብያለሁ! ሰሌዳው ላይ አለ፣ ገብተው ይዩት!»

መሪጌታ አማትበው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ።

ዓርብ ዕለት የገበያው አዝማሪ ደጃችን ላይ ቆሞ መምህሩን ሲያወድስ ዋለ። «ከእንግዲህ ማሲንቆዬን ይዤ ቅኔ ማሕሌት ልገባ ነው፤ የመንግሥት መምህር መስክሮልኛል!»

ሰኞ መምህራችን ነጭ ጠመኔ ፈልጎ አመጣና በገና ሣለ። ቀለሙን ግን አልጠየቀንም።