የሰባታሚት ዘይት ማኅበርና የወይዘሮ የሺአረግ በሬ

«ኦሊዮ! ኦሊዮ!» ብሎ ጣሊያኑ መሐንዲስ ሲጮህ አቶ ዩሱፍ በገዛ ጆሯቸው ሰምተዋል። አስተርጓሚውም «ኦሊዮ ማለት ዘይት ነው» ብሎ አረጋግጦላቸዋል። ስለዚህ በሰባታሚት በብረት ማማ እየተበሳ ካለው ጉድጓድ ዘይት ለመውጣቱ ጥርጥር የለም። ማኅበሩ የቆመው በዚህ ቃል ላይ ስለሆነ፣ በየጉባኤው መክፈቻ እንዲነበብ ቀደም ሲል በተወሰነው መሠረት ተነብቧል። አባላቱም ቆመው አዳምጠዋል።

ቀን፦ ሚያዝያ 24 ቀን 1931 ዓ.ም.። በጣሊያን አቆጣጠር ሌላ ቀን ነው ይባላል፤ ጉባኤውን አይመለከትም።

ቦታ፦ ሰባታሚት፣ በሰብሳቢው ግቢ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር። የጉድጓዱ ማማ ጫፍ ከዚህ ይታያል።

የተገኙ፦

የኔታ መርስዔ ኀዘን፣ የቅኔ መምህር፣ ሰብሳቢ፤

አቶ ዩሱፍ፣ ዓሣ አጥማጅና ታንኳ ሠሪ፣ ለጣሊያኖቹ ሰፈር ዓሣ አቅራቢ፤ ድርሻቸው አንድ አዲስ ታንኳ፤

ወይዘሮ ዘሊካ፣ የአቶ ዩሱፍ እኅት፣ የጨውና የበርበሬ ነጋዴ፤ ድርሻቸው ዘይቱ የሚጠራቀምባቸው ጋኖች፤

ወይዘሮ የሺአረግ፣ ባላቸው የሞተባቸው ባለ ማሳ፤ ድርሻቸው አንድ በሬ፤

አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ የወይዘሮ የሺአረግ ጎረቤት፣ ያለቻቸውን አንድ በሬ ከእሳቸው በሬ ጋር አቀናጅተው ለሁለቱም ማሳ የሚያርሱ፤ ድርሻቸው ማር፤

ፅጌ ማርያም፣ ጸሐፊ።

በደንቡ በሕይወት ያሉ አምስት አባላት ከተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ይሞላል። ስድስት ስለተገኙ ተርፎ ሞልቷል።

አጀንዳ አንድ፦ የሞተውን ሰው ስለ መሰየም

ጣሊያን የተሰበሰበ ሰው ማየት ስለማይወድ፣ ለቅሶ ግን ስለማይከለክል፣ ጉባኤው ለቅሶ እንዲመስል የቆየ ውሳኔ አለ። ሆኖም ባለፈው ዘብ መጥቶ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ ሲጠይቅ አራት አባላት አራት የተለያየ ስም ጠርተዋል። ስለዚህ ሟቹ ከእንግዲህ አስቀድሞ ይታወቅ ተባለ።

የኔታ፣ ሰብሳቢ ስለሆኑ መሞት እንደማይመቻቸው ገለጹ። አቶ ዩሱፍ፣ እሳቸው ከሞቱ በሃይማኖታቸው ሥርዓት ሳይውሉ ሳያድሩ መቀበር ስላለባቸው ጉባኤው እንደሚያጥር አሳሰቡ። አቶ ወልደ ሐዋርያት በዚህ ጊዜ እንቅልፍ ወስዷቸው ስለነበር በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። ሲነቁ «እኔ? ምን በወጣኝ! ስንት ሥራ አለብኝ!» ብለው ተቃወሙ። ሰብሳቢው ሙት ተቃውሞ የማቅረብ ልማድ እንደሌለው አስረዷቸው።

ከረጅም ውይይት በኋላ አቶ ወልደ ሐዋርያት እስከ ጉባኤው ፍጻሜ ሞተው እንዲቆዩ ተወሰነ። ሟች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ማኅበሩ ስም

ጸሐፊው የሚወጣው ነገር ገና ተጣርቶ ስላልታየ፣ ስሙ «የሰባታሚት ቅባት ማኅበር» ቢባል እንደሚሻል ሐሳብ አቀረበ። ሰብሳቢው ከመቀመጫቸው ተነሡ። በጎጃም ምድር «ቅባት» የሚባል ቃል ሊቃውንትን ስንት ዘመን በሃይማኖት ሲያከራክር የኖረ መሆኑን፣ እሳቸውም በዚህ ዕድሜያቸው በጣሊያን ጉድጓድ ሰበብ ወደዚያ ክርክር እንደማይመለሱ ተናገሩ። ጸሐፊው እሱ የተናገረው ስለሚቀባው ቅባት እንጂ ስለ ባህርዩ እንዳልሆነ አስረዳ። ሰብሳቢው «ይኸው! ባህርይ አልህ! ጀመርኸው!» አሉ።

ክርክሩ ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደ ጉባኤ ቤት ገባ፤ በግእዝም ተካሄደ። አቶ ዩሱፍ ታንኳቸውን ያዋጡት ለዚህ እንዳልሆነ ገልጸው፣ ሲያልቅ እንዲቀሰቅሷቸው ጠየቁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ስሙ ዘይት እንዲሆንና «ቅባት» የሚለው ቃል በዚህ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይጻፍ ተወሰነ።

አጀንዳ ሦስት፦ ስለ በሬው

ወይዘሮ የሺአረግ በሬያቸው እንዲመለስላቸው አመለከቱ። «የኔታ፣ በሬዬን ስጡኝ። ዝናቡ ሳይደርስ ካላረስሁ ልጆቼን ምን አበላለሁ? ዘይት ላጠጣቸው?» አሉ። ሰብሳቢው የመጨረሻው ቃል ዘይቱ ሲወጣ ስለ አጠቃቀሙ እንደ ቀረበ ሐሳብ ይያዝ አሉ፤ ተያዘ።

ቀጥለውም በሬው ማኅበሩ ዘንድ ከገባ ወዲህ ድርሻ እንጂ በሬ አለመሆኑን አብራሩ። ወይዘሮ የሺአረግ «ድርሻ ነው እንግዲህ ከጓሮዎ ታስሮ ገለባ የሚበላው? የድርሻውስ ጫንቃ ምን ልጦት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው የማኅበሩ ንብረት ሥራ ፈትቶ እንዳይበላሽ ከራሳቸው በሬ ጋር አቀናጅተው ማሳቸውን እንዳረሱበት፣ ይህንንም ያለ አንዳች ምስጋና እንደፈጸሙት ገለጹ።

በዚህ ጊዜ ከጋቢው ውስጥ «የኔው በሬ እኮ ብቻውን ቆሞ ይቁለጨለጫል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ንግግሩ ከሟች የመጣ ስለሆነ አለመመዝገቡ ይመዝገብ ተባለ።

ሰብሳቢው አዲስ ሐሳብ አመጡ። ጉድጓዱ የት እንደ ደረሰ ማንም አልነገረንም፤ ያልነገረን ባዶ እጃችንን ስለሆንን ነው፤ ስለዚህ በሬው ለመሐንዲሱ እጅ መንሻ ይሁን አሉ። ወይዘሮ ዘሊካ «የሰው በሬ ለወሬ?» ብለው ተቃወሙ። ወይዘሮ የሺአረግ ወደ ሟች ጠጋ ብለው ጋቢውን አስተካከሉ፤ አለመቃወማቸው እንደ ድጋፍ ተቆጠረ።

ከረጅም ውይይት በኋላ በሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጣሊያኖቹ ሰፈር እንዲነዳ ተወሰነ።

ይህ እንደ ተነበበ አቶ ወልደ ሐዋርያት ብድግ ብለው «ከሞትሁ እንግዲህ ልቀበር!» በማለት በጓሮ በኩል ወጡ። ወይዘሮ የሺአረግም ሟችን ለመሸኘት ፈቃድ ጠየቁ። አልቃሽ የሌለው ቀብር ዘብን ስለሚያጠራጥር ሰብሳቢው ፈቀዱ። ወይዘሮ የሺአረግ «ወየው ጎረቤቴ! ወየው የማሳዬ አለኝታ!» እያሉ ተከተሉ። ልቅሶው ከጓሮ ጥቂት ተሰምቶ ራቀ። ጉባኤው የሐዘኑን ከልብ መሆን አደነቀ።

አጀንዳ አራት፦ ጉድጓዱ ስለ ደረሰበት ደረጃ

አቶ ዩሱፍ ከጉድጓዱ የወጣ ጥቁር ነገር በቅል አቀረቡ። ሰብሳቢው አሽትተው ተስፋ እንዳለው ተናገሩ። ወይዘሮ ዘሊካ ክር ነክረው እሳት ለኮሱበት፤ እሳቱ ጠፋ። «ይኸ ጭቃ ነው» አሉ። ሰብሳቢው ጭቃ ሳይሆን ያልበሰለ ዘይት መሆኑን አስተካከሉ።

ወይዘሮ ዘሊካ «ምናልባት ውሃ ፈልገው ቢሆንስ?» አሉ። በዚህ ላይ ብዙ ተሳቀ። ሰብሳቢው እንባቸውን ጠርገው «እት ዘሊካ፣ ጣና እዚህ ተንጣሎ፣ ዓባይ በደጃችን እየፈሰሰ፣ ውሃ ፍለጋ ምድር የሚበሳ ፍጡር አለ?» አሉ። አቶ ዩሱፍ ደግሞ የወንዛዬ ፍል ውሃ የሚፈላው ከሥሩ እሳት ስላለ መሆኑን፣ እሳቱም ያለ ዘይት ይህን ያህል ዘመን እንደማይነድ ጨመሩ። ሁለቱም ማስረጃዎች የማይረቱ ሆነው ተገኙ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዘይቱ ሊወጣ ስለተቃረበ ተጨማሪ ጋን እንዲፈለግ በሚወሰንበት ሰዓት ከማማው በኩል ጩኸት ተሰማ። አቶ ዩሱፍ እንዲያዩ ተላኩ። ሲመለሱ እስከ ጉልበታቸው ርሰው ነበር። ውሃ ወደ ሰማይ እንደ ፈነዳ፣ ጣሊያኖቹ ባርኔጣቸውን እየወረወሩ «አኳ! አኳ!» እንደሚሉ፣ የጣና ውሃ ሆዳቸውን ስለሚያማቸው ገና ከጅምሩ የሚፈልጉት ንጹሕ ውሃ እንደ ነበረ ከአስተርጓሚው መስማታቸውን አስረዱ።

 ወዲያው በሰብሳቢውና በአቶ ዩሱፍ መካከል የሚከተለው ተባለ፤ በሰብሳቢው ትእዛዝ እንዳለ ይቀመጣል።

«ያን ዕለት ኦሊዮ ብሎ ሲጮህ ምን ያደርግ ነበር?»

«የሸጥሁለትን ዓሣ ይጠብስ ነበር።»

«በእጁስ ምን ይዟል?»

«መጥበሻ።»

«ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርኸንም?»

«ማን ጠየቀኝ የኔታ! እናንተ የጠየቃችሁኝ ምን አለ ብላችሁ ነው።»

አጀንዳ አምስት፦ የተወሰነውን ሁሉ ስለ መሻር

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ረጅም ጭቅጭቅ ተደረገ፤ ከፊሉ በጆሮ፣ ከፊሉ በአስተርጓሚው፣ ከፊሉ በዓሣው ተላከከ። በመጨረሻ ሰብሳቢው ሟችና አልቃሽ ከወጡ ወዲህ የቀሩት አራት ብቻ መሆናቸውን ቆጠሩ። ምልዓተ ጉባኤ ስለሌለ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር አሉ። ጸሐፊው፣ እንዲህ ከሆነ የአቶ ወልደ ሐዋርያት ሞትም ውድቅ ስለሚሆን ምልዓተ ጉባኤው ሊሞላ እንደሚችል አመለከተ። ሰብሳቢው ቀና ብለው አዩት፤ ጸሐፊው ሐሳቡን ተወ።

ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወሰነ፦ ዘይቱ ቀርቷል። ማኅበሩም አልነበረም። አቶ ወልደ ሐዋርያት ከጠዋት ጀምሮ በሕይወት ነበሩ፤ የተናገሩትም ተመዝግቧል። ታንኳው፣ ጋኖቹና ማሩ ለየባለቤታቸው ይመለሱ። በሬው እጅ መንሻነቱና ድርሻነቱ ተሽሮ ወደ በሬነቱ ይመለስ፤ ለወይዘሮ የሺአረግም በክብር ይሰጥ።

ጉባኤው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተበትኗል። በሬውን ፈተው ለማስረከብ ወደ ጓሮ የሄዱት አቶ ዩሱፍ ገመዱን ብቻ ይዘው ተመልሰዋል። የሰብሳቢው ቀንበርም በቦታው የለም። የወይዘሮ የሺአረግ ማሳ ከጉድጓዱ በታች ነው፤ የፈሰሰው ውሃ መሬቱን አለስልሶታል፤ ግማሹም ታርሷል።