ጥገኛ በመርፌ ሲገባ

ዒልሚ፦ አቦ አልስማማም! ጥገኛ በመርፌ ይወጣል እንጂ በመርፌ አይገባም!

አዩብ፦ ዒልሚ፣ የፍየል ጥገኛ ትል አላልኩህም። ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ነው ያልኩህ። የፕሮግራም ነገር ነው።

ዒልሚ፦ በአማርኛ ንገረኝ ስልህ «ጥገኛን በመርፌ መስጠት» ያልከኝ አንተ ነህ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጀልዴሳ ገጠር ውስጥ ጥገኛ ሳስወጣ ኖሬ፣ ዛሬ መልሰህ ልታስገባብኝ ነው?

[ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ሙቀቱ ሰዉን ከጥላ ጥላ ያሳድዳል። አዩብና የእህቱ ባል ዒልሚ በረንዳ ላይ ለአንድ ቬንትሌተር ተሻምተው ተቀምጠዋል። ዒልሚ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ አዩብ ፕሮግራም ይጽፋል። ለአርብቶ አደሮች የክትባት ቀን በስልክ መልእክት የሚያሳውቅ ፕሮግራም ሠርቶ ነገ ለአርብቶ አደሮቹ ማኅበር ሰብሳቢ ለወይዘሮ ኢፍራህ ሊያሳይ ነው። ሥራውን ያገኘለት ዒልሚ ነው። ባለፈው ወር ግን አዩብ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ሲነካካ እውነተኛ መልእክት አመለጠው። ሰዉ ክትባት በሌለበት ቀን ፍየሉን እየነዳ መጣ፤ ስድቡን የጠገበው ዒልሚ ነበር። ያ ቀን አዩብን እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። ድምፁ ከወትሮው ከፍ ያለውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።]

አዩብ፦ በደንብ ስማኝ። ባለፈው ጥፋቱ ምን ነበር? ፈንክሽኑ፣ ማለት ሥራውን የሚሠራው የፕሮግራሙ ቁራጭ፣ መልእክት መላኪያውን ራሱ ሄዶ ያመጣ ነበር።

ዒልሚ፦ ሳያስፈቅድ?

አዩብ፦ ሳያስፈቅድ! አሁን ግን በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ፈንክሽናል ቋንቋ ይባላል። እዚህ ውስጥ ፈንክሽኑ ንጹህ ነው።

ዒልሚ፦ ማሻአላህ። ማን አጠበው?

አዩብ፦ ንጹህ ማለት የጎንዮሽ ጉዳት የለውም ማለት ነው!

ዒልሚ፦ ወርያ! እዚህ ጋ ቁም። የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው መርፌ የለም። ቢያንስ ቢያንስ ያብጣል።

አዩብ፦ ያ ረቢ! መርፌውን እርሳው!

ዒልሚ፦ ስሙ ውስጥ የሰካኸው አንተ፣ የምረሳው እኔ?

[አዩብ ላፕቶፑን ወደ ዒልሚ አዞረ። ይህ ሰው እንስሳ ካልተጠራለት በቀር ምንም አይገባውም ብሎ በልቡ ፈረደ።]

አዩብ፦ እሺ፣ ፈንክሽኑን ሠራተኛ በለው። ይሄ ሠራተኛ በራሱ ሥልጣን ምንም አያነሳም። የሚያስፈልገውን አንተ በእጁ ታስይዘዋለህ። እውነተኛ መላኪያ ብታስይዘው ይልካል። ለሙከራ የውሸት መላኪያ ብታስይዘው ግን የላከ ይመስለዋል እንጂ ስክሪን ላይ ጽፎ ያቆማል።

ዒልሚ፦ ሠራተኛው ልዩነቱን አያውቅም?

አዩብ፦ አያውቅም። ውበቱ እሱ ነው!

ዒልሚ፦ እንዴ፣ እኔስ አዲስ ተለማማጅ ሲመጣብኝ ውሃ የሞላ መርፌ አስይዤ ብርቱካን አስወጋው የለ?

አዩብ፦ [በትዕግሥት ፈገግ ብሎ] አይ ዒልሚ። ብርቱካን ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ይሄ ረቀቅ ያለ ነገር ነው።

ዒልሚ፦ እሺ አቦ፣ አትቆጣ። ግን ሠራተኛው የያዘውን ካላወቀ ማን ነው የሚያውቀው?

አዩብ፦ ያስያዘው ነዋ። ከላይ ያለው።

ዒልሚ፦ አላህ?

አዩብ፦ እኔ!

ዒልሚ፦ [ዐይኑን አፍጥጦ] አስተግፊሩላህ በል።

አዩብ፦ አስተግፊሩላህ! ከፕሮግራሙ በላይ ማለቴ ነው! ደግሞ ሁሉንም ባንዴ ማስያዝ የለብህም። ጠዋት መላኪያውን ብቻ ታስይዘዋለህ፤ ይዞ ይቀመጣል። ከሰዓት የስም ዝርዝሩን ስትሰጠው ሥራውን ይፈጽማል።

ዒልሚ፦ ጠዋት ምን እንዳስያዝከው ከሰዓት ብትረሳውስ?

አዩብ፦ [ሳቁ እያመለጠው] እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ እኮ ሙያውን የማያውቅ ሰው ነው።

ዒልሚ፦ እሱስ አላውቅም። ጠዋት ምን አስያዝከው?

አዩብ፦ የውሸቱን ነዋ! እንዲያውም ቆይ፣ በዐይንህ እይ። ይኸው ሰሞኑን የሰጠኸኝ የጀልዴሳ ዝርዝር፤ አርባ ሰው። [እየጻፈ] «ነገ ጠዋት ክትባት አለ። ፍየሎቻችሁን ይዛችሁ ኑ።» አሁን ስጫነው ስክሪኑ ላይ አርባ መስመር ይወጣል። አንድ ስልክ ቢጮህ ስሜን ቀይረው። ቢስሚላህ!

[ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ምንም አልወጣም። የዒልሚ ኪስ ጮኸ።]

ዒልሚ፦ አንድ።

[እንደገና ጮኸ።]

ዒልሚ፦ ሁለት።

አዩብ፦ [ፊቱ አመድ መስሎ] የማን... የማን ሜሴጅ ነው?

ዒልሚ፦ [ስልኩን አውጥቶ፣ ከዐይኑ አርቆ፣ ቀስ እያለ] «ነገ ጠዋት ክትባት አለ። ፍየሎቻችሁን...» አማርኛው ጥሩ ነው።

አዩብ፦ ያ አላህ! ጠዋት እውነተኛው ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ አስይዤው ነበር... አልቀየርኩትም! አርባ ሰው! ነገ በወይዘሮ ኢፍራህ ፊት አርባ መንጋ ፍየል! ዒልሚ ምን ትቀመጣለህ፣ መኪና ፈልግ! ሳይነሱ እንድረስባቸው!

[ጫማውን ሲፈልግ አንድ እግሩን በራሱ፣ አንዱን በዒልሚ ነጠላ ጫማ ከተተ። ባለፈው ወር ፍየል ሲነዱ የመጡት ሽማግሌዎች ፊት ተደቀነበት። የዒልሚ ስልክ መጮኹን አላቋረጠም።]

ዒልሚ፦ ጫማዬን መልስና ተቀመጥ። ማንም አይመጣም።

አዩብ፦ እንዴት አይመጣም? ለሁሉም ደርሷል እኮ!

ዒልሚ፦ ደርሷል፤ ለኔ። የሰጠሁህ ዝርዝር ላይ ስሙ የሰዎቹ ነው። ቁጥሩ ግን ሃያው የኔ፣ ሃያው የእህትህ ነው።

ራሕማ፦ [የአዩብ እህት፣ ከቤት ውስጥ] ዒልሚ! እንዳልከው ላከው እንዴ? ስልኬ ሊፈነዳ ነው!

አዩብ፦ [ቀስ ብሎ እየተቀመጠ] ዝርዝሩ... የውሸት ነው?

ዒልሚ፦ አንዴ ዝቅ ብለህ ብታነበው ታየው ነበር። እውነተኛው እኔ ጋ አለ፤ ሥራህ ሲስተካከል እሰጥሃለሁ። ሰዎቹ ሁለተኛ ከዋሸኋቸው እኔን ብቻ ሳይሆን ክትባቱንም አያምኑም።

[አዩብ ሊቆጣ አሰበ። ነገር ግን ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ እንደ መነሳት አለለት፤ ሳቁ ቁጣውን ቀደመው። ቀጥሎም በድንገት ዐይኑ በራ።]

አዩብ፦ ቆይ ቆይ! ፕሮግራሙም ሳያውቅ፣ እኔም ሳላውቅ፣ ከውጭ የውሸቱን አስያዝከን! ዒልሚ፣ ይሄ ራሱ ነው እኮ! ወላሂ ይሄ ራሱ ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ነው!

ዒልሚ፦ [ሃያኛውን መልእክት እያጠፋ] እንዲህ ያለ ከባድ ስም እንዳለው አላወቅንም። እኔና እህትህ «አዩብን ማወቅ» ነው የምንለው።