ክርስትና እናት ያጣች ሕፃን

ሽማግሌ ተብዬ የሰው ትዳር ለማስታረቅ ስጠራ ስለኖርኩ ልንገራችሁ፤ የምትጮህ ሚስት አታስፈራም። ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል፤ እኛም ጥፋቱን ሁሉ እዚያ ላልተገኘው ሰይጣን አሸክመን፣ የቀረበልንን ቀማምሰን፣ መርቀን እንነሳለን። ፍሩ ከተባለስ ረጋ ብላ «እሺ አባቶቼ» የምትለዋን ፍሩ።

የደብረ ብርሃኗ ጎረቤቴ አስናቀች እንዲህ ናት። ባሏ ጌታሁን፣ ከእነዋሪ መጥታ ፋብሪካ የተቀጠረች ልጅ ማስረገዙ ሲሰማ ድምጿን አላሰማችም። ቀጥ ብላ ፍርድ ቤት ሄዳ ተፋታች። እሱ ሴት ልጅ ከተወለደችለት በኋላ የቀድሞ ቤቱ ናፈቀውና እኛን ላከ።

«ሕፃኗ ምን አጠፋች? እሷን መቀበል እኮ ጽድቅ ነው» አልናት። በሕፃኗ አስታከን እሱን ልናስገባ ነዋ!

«እሺ አባቶቼ» አለች።

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የምትቀበላት ክርስትና እናት ያስፈልጋታል። የሰፈሩ ሴቶች አስናቀችን እንዳያስቀይሙ ፈርተው አንዷ አመመኝ፣ ሌላዋ መዘዞ ለቅሶ አለብኝ አለች። እናቲቱ የሚቆምላት አጥታ፣ ሕፃኗን እንደታቀፈች ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ታለቅሳለች። አንጀቴን በላችው። ያን ጊዜ አስናቀች ነጠላዋን አጣፍታ ከተፍ አለች።

«አምጪያት» አለችና ሕፃኗን ተቀበለቻት።

ክው አልን። መምሬ እንኳ የሚያነቡበት መስመር ጠፋባቸው። አስናቀች ስለ ሕፃኗ ሆና «እክድሃለሁ ሰይጣን» ስትል ጌታሁንን ያየችው መሰለኝ፤ ላይሆንም ይችላል። ድንጋጤው ሲበርድልን ታረቀች ማለት ነው ብለን ፈነደቅን፤ እኔማ የጌታሁንን ጀርባ መታ መታ አድርጌ እንኳን ደስ አለህ ብዬዋለሁ።

ሥርዓቱ እንዳበቃ ጠጋ አልኳት። «እንግዲህ ልጄ፣ ጌታሁን ዛሬውኑ ቤቱ ይግባ?»

«ምን ነካዎት አባቴ? አበልጄ እኮ ነው» አለች፤ ያው ረጋ ብላ። «ክርስትና እናት ከክርስትና ልጇ አባት ጋር ትጋባለች እንዴ?»

ሁላችንም ወደ መምሬ ዞርን። መምሬ መጽሐፋቸውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ። አበልጆች እንደማይጋቡ ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም፤ እያወቅን ነው ቆመን ያስፈጸምነው።

ሕፃኗ ይኸው መራመድ ጀምራለች። ጌታሁን በየበዓሉ ይዟት ይመጣና በገዛ እጁ የገጠመውን በር ያንኳኳል። አስናቀች «ግባ አበልጄ» ትለዋለች። እሱ ደጃፉ ላይ የጫማውን ጭቃ ሲያራግፍ፣ ልጅቷ «እማ» እያለች ጓዳ ገብታለች።