የክፍላችን አለቃ

አንድ በደል ይመዝገብልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የክፍላችን አለቃ ዳልኬ፣ እኔ ትንፍሽ ሳልል፣ ስሜን ከረባሾች ጋር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር። ስንቴ ተንበረከክኩ!

ዘንድሮ አብረን የተማርን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተጠራርተን ሶዶ ላይ ተገናኘን። ዳልኬም ከዘራውን ተደግፎ መጣ፤ የፊት ጥርሱ የለም። ጨዋታው ሲደምቅ ከመቀመጫው ተነሥቶ "ጸጥታ!" አለ።

ታምኑኛላችሁ? ከአረካ የመጣው ዳኛ በዳጣ ያጠቀሰውን ቁርጥ አፉ ደጃፍ ላይ አቆመው። ፓስተር የሆነው ጓደኛችን ሳቁን ዋጠ። ልጆቼ የሚፈሩኝ እኔ እንኳ እጄን አጣምሬ ቀጥ አልኩ። እናንተዬ፣ ሁለት መንግሥት ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የክፍል አለቃ ግን ለካ አይወድቅም! ይህን ሥልጣን ማን ሰጠው? እንዴትስ አላረጀም?

ቢሆንም ፍርድ ፍርድ ነው። እጄን አወጣሁ።

"ዳልኬ፣ ክፍል ውስጥ አውርቼ አውቃለሁ?"

"አታውቂም።"

"ታዲያ ለምን ጻፍከኝ?"

"መልስ እንጂ አንተ!" አለው ዳኛው።

ዳልኬ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ድምፁ ያ የአለቃ ድምፅ አልነበረም።

"ስምሽን መጻፍ ደስ ይለኝ ነበር" አለ። "ሌላ የምጽፍበት ቦታ አልነበረኝም።"