የሊቀ ሽቦ ቢተው ቴፕ

በየሰፈሩ ባለሙያ መጥራት ሞት የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። ጣራው ቢያፈስ ራሱ ይወጣል፤ ሬዲዮው ቢታመም ራሱ ኦፕራሲዮን ያደርገዋል፤ ጥርሱ ቢነቃነቅ ፒንሳ ያነሣል እንጂ ክሊኒክ አይሄድም። የእኛ ሰፈሩ ጋሽ ቢተው ናቸው። "ለዚህ ደግሞ ባለሙያ?" ካሉ በኋላ ያ ዕቃ የድሮውን አይሆንም። ላሊበላ የሊቃውንት አገር ናትና ከማዕረግ እንዳይጎድሉ ብዬ ሊቀ ሽቦ ብያቸዋለሁ፤ በሌሉበት።

አሮጌ አይሱዙአቸውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ግራ ፍሬቻ ሳበራ የዝናብ መጥረጊያው ይነሣል። ጡሩምባ ስነፋ የጋቢናው መብራት ይበራል። ይህን ለመድኩት፤ እንዲያውም ጠላ ቤት የማወራው አላጣሁም። ያልለመድኩት ቴፑን ነው። ፍሬን ስረግጥ ጸጥ፤ ስለቅ ካቆመበት ይቀጥላል። የላስታ መንገድ ደግሞ ያለ ፍሬን አይኬድም። አንድ ዘፈን ጋሸና አድርሶ ይመልሰኛል።

እህቴ ሰብሌ በጥር ባታገባ ኖሮ እንዲሁ እያማሁ እኖር ነበር። ሙሽራው የጋሸና ልጅ ነው፤ እሷን ከነአጃቢዋ የማደርሰው እኔ።

"ሰው ፊት ዘፈኑ እንደ ስቅታ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከገባሁ፣ ወንድም አለኝ አልልም" አለች። ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራውን መሐመድኑርን ጠራሁ። ዳሽቦርዱን ፈታ። ሽቦዎቹ በቁስል ፕላስተር ተጠቅልለው በጧፍ ሰም ታትመዋል። በፊውዝ ፋንታ የማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት ገብቷል። የፍሬን ፔዳሉ ሥር ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያ ታስሯል፤ የቴፑ ሽቦ የሚያልፈው በእሱ ነው።

"ይኼ ሰውዬ በሕይወት አለ?"

"ጎረቤቴ ናቸው።"

"አላህ ነው የጠበቃችሁ" አለና ማጥፊያውን ቆርጦ መዳፌ ላይ አኖረልኝ፤ የቴፑንም ሽቦ በቀጥታ ቀጠለው።

እሑድ ጠዋት ለሙከራ ሰብሌን ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። ፍሬን ብረግጥም ቴፑ አይሰማም፤ እሷ በትከሻዋ ተያይዛዋለች። ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን መገንጠያው ላይ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው መንገዱን ሞልቷል። በእኛ አገር ደጀ ሰላም ሲታለፍ ዘፈን ይዘጋል፣ ይማተባል። ግራ እጄ መሪ ላይ፣ ቀኝ እጄ ግንባሬ ላይ፣ ቴፑ ጉሮሮው እስኪበጠስ ይጮኻል። ማማተቡን ትቼ ቴፑን ስዳብስ መኪናው ወደ ገደሉ ጠርዝ ሄደ። መሪውን የመለሰችው ሰብሌ ናት። አንድ ቄስ ያዩኝ አስተያየት እስካሁን ከጀርባዬ አልወረደም።

ማጥፊያውን ይዤ ጋሽ ቢተው ዘንድ ሄድኩ።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ስታማኝ ነበር እንጂ መቼ ጠየቅኸኝ? ግራ እጅ መሪ ይይዛል፣ ቀኝ እጅ ያማትባል። ቴፑን ማን ይዝጋ?"

"በየመታጠፊያው ዝም የሚለውስ?"

"ገደሉን ስታይ አታማትብም እንዴ?"

እዚያው ፔዳሉ ሥር ተንበርክከው መለሱት። ሰብሌ የእጅ ባትሪ አበራችላቸው። ገደሉን እሷም አይታዋለች።

የሠርጉ ዕለት ሰብሌ ጋቢና ውስጥ በእኔና በጋሽ ቢተው መካከል ተቀምጣለች። መገንጠያው ላይ ፍሬን ረገጥኩ። ቴፑ ጸጥ አለ፤ ከፊትም ከኋላም ያለነው አንድ ላይ አማተብን። ፍሬኑን ስለቅ ዘፈኑ ካቆመበት ተነሣ፤ ከኋላ እልልታ ተቀበለው። ሰብሌ ከዓይነ ርግቧ ሥር ፈገግ ስትል አየኋት።

ጋሸና ስንገባ ወደ ሙሽራው ቤት ለመታጠፍ ግራ ፍሬቻ አበራሁ። በዚያ የጥር ፀሐይ የዝናብ መጥረጊያው ተነሥቶ ደረቁን መስተዋት ያሽ ጀመር። ሁለታችንም ወደ ጋሽ ቢተው ዞርን።

"እሱን እንኳ" አሉ፣ "ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።"

አላስጠገንኩትም።