የርብቃ ልጆች

(ከቁይ ገበያ ወጣ ብሎ፣ በእማሆይ ወለተ ሐዋርያት ቤት። ትልቁ ልጃቸው ደመላሽ ገበሬ ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። ታናሹ ወልደ ገብርኤል ዲማ ተምሮ ደብረ ማርቆስ የሚኖር መሪጌታ ነው፤ እሱ ደግሞ ያልገባኝ ነገር አለ ብሎ አያውቅም። እማሆይ ደክመው ብቻቸውን መኖር አቅቷቸዋል፤ እርሻቸው ለሚጦራቸው ልጅ ይሆናል ብለዋል። ወንድማማቾቹ ምሳ በልተው፣ እሳቸው ጓዳ ጋደም ብለዋል።)

ወልደ ገብርኤል፦ እናታችን ለኔ ሁለት ማንኪያ ቅቤ ጨመረች፣ ላንተ አንድ! በዓይኔ ቆጥሬያለሁ።

ደመላሽ፦ የኔንም ቆጠርክልኝ?

ወልደ ገብርኤል፦ ምልክት ነው ወንድም ጋሼ! ርብቃ አብልጣ የምትወደው ማንን ነበር?

ደመላሽ፦ የትኛዋ ርብቃ? ወፍጮ ቤት ያለችው?

ወልደ ገብርኤል፦ (ግንባሩን እየመታ) የይስሐቅ ሚስት! መንታ ወለደች። ትልቁ ኤሳው ፀጉራም፣ የዱር ሰው። ታናሹ ያዕቆብ ጭምት፣ ከቤት የማይርቅ።

ደመላሽ፦ (ክንዱን እያየ) ፀጉራሙ እኔ ነኝ?

ወልደ ገብርኤል፦ ደረስክበት! ያዕቆብ እኔ። ዲማ ሳለሁ በየወሩ ስንቅ የምትሰድልኝ ለምን ነበር? ስለምትወደኝ!

ደመላሽ፦ ስንቁን ተሸክሜ የማመጣው እኔ ነበርኩ።

ወልደ ገብርኤል፦ ሸክሙ ያንተ፣ ፍቅሩ የሷ። ሰው ፊት እኔን «ልጄ፣ መሪጌታው» ትለኛለች። አንተንስ?

ደመላሽ፦ «ደመላሽ፣ ውሃ!»

ወልደ ገብርኤል፦ (በድል) አየህ!

ደመላሽ፦ (ትንሽ አሰብ አድርጎ) አሁን ገባኝ። የምትወደው አንተን ነው፤ ስለዚህ የምትወስዳትም አንተ ነህ። ጓዟን ልጠቅልል? ሚኒባሱ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል።

ወልደ ገብርኤል፦ ኧረ ቆይ! እኔ ያልኩት እርሻውን ነው!

ደመላሽ፦ እርሻው ከሷ ጋር ነዋ የሚሄደው።

ወልደ ገብርኤል፦ የኔ ቤት እኮ ኪራይ ነው፤ ደረጃው ነፍስ ያወጣል። ባለቤቴ ሔዋን ደግሞ እንደምታውቃት እንግዳ አይሆንላትም። እንኳን እኔ፣ ያዕቆብም ከተመረቀ በኋላ እናቱ ጋ አልቆየም፤ አጎቱ አገር ካራን ወረደ።

ደመላሽ፦ ለስንት ጊዜ?

ወልደ ገብርኤል፦ ሃያ ዓመት።

ደመላሽ፦ ሲመለስ በሕይወት አገኛት?

ወልደ ገብርኤል፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) መገናኘታቸው አልተጻፈም።

ደመላሽ፦ ያን ሁሉ ዘመን ማን ጦራት ታዲያ?

ወልደ ገብርኤል፦ እሱም አልተጻፈም።

ደመላሽ፦ ፀጉራሙ ነዋ! ሌላ ማን ነበር እቤት? (ተነስቶ) አልዋሽህም፣ አንተን ማስበለጧ ከልጅነቴ ጀምሮ አንጀቴን ሲያቃጥለው ኖሯል። በል እንግዲህ፣ ፍቅሩን ይዘህ ሂድ፤ እናቴን ለኔ ተዋት።

ወልደ ገብርኤል፦ እርሻውስ?

ደመላሽ፦ እሱም አልተጻፈም።